ሚስቴን ያሸከምኳት ድንጋይ

ይሄን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ጭቃ አብረን አቡክተን ላደግነው ለባዬም አልነገርኩትም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ቀርቤ ስድቤን፣ መጠጤን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ፣ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ሌላ ነበረ። ያ ሌላ ነው እንግዲህ ይሄ።

እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። ለዚህ ይሆናል ድፍረቱን ያገኘሁት። ምን ድፍረት ነው እሱስ፣ ጽፌ ጽፌ ስንቴ ቀድጄዋለሁ። ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪኩ ጣለኝ፣ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ቀርከሃ ላይ ምልክት ለማድረግ ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው፣ እንደዛው አንብቡት።

ቆሰበር መጥታችሁ «ይበልጣል ቀርከሃ ሠሪው» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ ወሬ አለ። «ውይ ያ ምስኪን፣ አሜሪካ ደርሶት ሚስቱ ያበላሸችበት» ይሏችኋል። ምስኪን። ይቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እንደገባች ትንኝ ናት። ምስኪን አይደለሁም። ሚስቴም ያበላሸችብኝ ነገር የለም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ይሄው ወጣ። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ሥራዬ አስፋልት ዳር ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ዳር ወንበሩን፣ ሶፋውን፣ የልጅ አልጋውን ከቀርከሃ ሠርቼ ደርድሬ እቀመጣለሁ። ድሮ መኪናው ይቆም ነበር። አሁን መንገዱ ሲከፈት መንገደኛው ብር የለውም፣ ብር ያለው ቀን መንገዱ ይዘጋል። አንዳንዴ አንዱ ሲቆም ብድግ ብዬ ሶፋውን እጠርጋለሁ። ሰውዬው ይወርዳል፣ ከሶፋዬ ጀርባ ዞሮ ሽንቱን ይሸናል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቀን ነው ሰውን አሜሪካ የሚያስመኘው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ይሄን ስል ግን ሰበብ እየደረደርኩ እንዳይመስላችሁ። መቸገር አንድ ነገር ነው፣ ሚስት መካድ ሌላ ነገር ነው። ስንት ችግረኛ ሚስቱን ሳይክድ ይኖር የለም እንዴ?

ሚስቴ ስመኝ ትባላለች። የዘንገና ልጅ ናት፣ ከሐይቁ ወዲያ ካለው መንደር። ቤታቸው የሚወራው አገውኛ ነው። አማርኛውንም ታውቀዋለች፣ ግን አትቸኩልበትም፣ ቃሉን አስባበት ነው የምታወጣው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አፌ አይዘጋም። አባቷ አያ ፈንቴ ፈረሰኛ ናቸው። ጓሯቸው ሙሉ ቀርከሃ ነው። ልጃቸውን ሲድሩልኝ «ከዚህ እየቆረጥህ ሥራ» አሉኝ። የቱ እንደሚቆረጥም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። «ለጋውን አትንካ፣ ነቀዝ ነው የሚበላብህ። የበሰለው ስታንኳኳው ራሱ ይነግርሃል» ይሉኝ ነበር። እንጀራዬ በእሳቸው ጓሮ ላይ ነበር ማለት ነው። ይሄንንም አውቀው ነበር።

ሰርጋችን በጥር ነበር። የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ ተጠራ። እኛ ዘንድ አባት ልጁን አይሸኝም፣ ቤቱ ይቀራል። አያ ፈንቴ ግን አልቻሉም። ቦራ የሚሉት ግንባሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ነበራቸው፣ እሱን ጭነው ወጡ። ሰው «አያ ፈንቴ፣ ነውር አይደለም ወይ?» ቢላቸው «ዛሬ አባት ሆኜ አይደለም የምሄደው፣ ፈረሰኛ ሆኜ ነው» አሉና ከፊት ከፊት እየጋለቡ ልጃቸውን እኔ ደጅ ድረስ አመጧት። አቧራው ከሩቅ ይታይ ነበር፣ ቆሰበር እስከዛሬ ያወራዋል። ይሄን ልብ በሉልኝ። እኔ የካድኩት ያን ሁሉ ፈረስ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ዲቪ መሞላት ጀመረ። ከዳንግላ የመጣ አንድ ልጅ አስፋልቱ ማዶ ቤት ተከራይቶ፣ ፎቶ እያነሳ ዲቪ ይሞላል። ማንንም አያውቅም፣ ማንም አያውቀውም። የገበያ ቀን ነው። ክረምት ወጣ ይባላል እንጂ እኛ ጋ ዝናቡ መቼ ሰምቶ። ስመኝ አብራኝ መጣች። ለፎቶው የሰርጌን ኮት ይዛልኝ ነው የመጣችው፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር አድርጋ። እሷ በስብሳለች፣ ኮቱ ጠብታ አልነካውም። በሩ ላይ ስትደርስ ሰጠችኝና «አንተ ግባ፣ እኔ እግሬ ጭቃ ነው፣ የሰው ቤት አላበላሽም» አለችኝ። የድንች ዘንቢሏን አጠገቧ አድርጋ ከበሩ ዳር ክዳኑ ሥር ቆመች።

ልጁ ነጭ ጫማ አድርጓል። አማርኛውም እንደ ቴሌቪዥን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀረው እርስ በርስ ለመሰማት እንጮሃለን። ፎቶውን አነሳኝና ወደ በሩ አየት አድርጎ «ያቺ ያንተ ናት እንዴ? ትግባ፣ መታት እኮ» አለኝ።

ዞር ብዬ አየኋት። የላስቲክ ጫማዋን አየሁ። ባቷ ድረስ ጭቃ ነው። ዘንቢሉ አለ። እኔ ኮት ለብሻለሁ። ያን ጊዜ ምን ነካኝ? ይሄን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩት። ምን ነካኝ ማለት ራሱ ማምለጫ ነው፣ የሆነ ነገር መጥቶ የነካኝ ይመስል። የነካኝ የለም። አፈርኩባት። ባለ ነጭ ጫማው ፊት በገዛ ሚስቴ አፈርኩ።

«ገበያተኛ ናት፣ ዝናብ ልትጠለል ነው፣ ተዋት» አልኩት።

መተየቡን ቀጠለ። ስም፣ የተወለድኩበት፣ የተማርኩት። ከዚያ ራሱን ቀና ሳያደርግ «ላጤ ነህ ያገባህ?» አለኝ።

«ላጤ» አልኩ።

ይቺው ናት። ከአፌ ለመውጣት ምንም አልፈጀባት። መንገድ ዳር የሚወራ ወሬ ነበረ፣ ብቻውን የሞላ ሰው ዕድሉ ይሰፋል፣ ከነሚስቱ የሞላ ይጠብበታል የሚባል። ቆይቼ ለራሴ ያልኩት ይሄን ነው፣ ለሁለታችንም ብዬ ነው፣ ከሄድኩ በኋላ እወስዳታለሁ። ውሸት። ያን ወሬ በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ ጭቃ ብቻዬን ንጹሕ ሆኜ ስወጣ ነው ያየሁት። ብቻዬን። ሥዕሉ ውስጥ እሷ አልነበረችም።

ስወጣ ከክዳኑ ጠብ ጠብ ይላል። ኮቱን ተቀብላ አጣጠፈችና መልሳ በላስቲኩ ጠቀለለችው። «ተሞላ?» አለችኝ። «ተሞላ» አልኳት። «ያሳካው» አለች። ድንቹን ተሸክማ ከኋላዬ መጣች። እኔ እንግዲህ በሆዴ ዝናቡን እያመሰገንኩ ነው። ያ ቆርቆሮ ሲጮህ በር ላይ የቆመ ሰው ምንም አይሰማም አልኩ። ያን ዝናብ ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ አመሰገንኩት መሰላችሁ፣ እንደ ታቦት።

ግንቦት ላይ ደረሰኝ።

ቆሰበር አንድ ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበራትም። የማላውቀው ሰው ሁሉ ያጎቴ ልጅ ሆነ። ስመኝን ገበያ ላይ ሴቶቹ «እንግዲህ አሜሪካ ስትሄጂ ይሄን ድንች በምን ቋንቋ ልትሸጪው ነው?» እያሉ ያስቋታል። ትስቃለች። እሷ እንደምትሄድ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፣ ሚስቴ አይደለችም ወይ? እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። አውቄ ዝም አልኩ። አያ ፈንቴ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጥተው፣ ለሁለታችን ማስኬጃ ይሁን ብለው ቦራን ሸጡት። ገዢው ሲወስደው እዛው ነበርኩ። ፈረሱ ሁለቴ ዞሮ አየ፣ እሳቸው አላዩም። አፌን ከፍቼ «አባቴ፣ ይቆዩ፣ አይሽጡት» ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም እንዳልላችሁ፣ እችል ነበር። ብሩን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ዳንግላ ጉዳይ የሚያስጨርስ ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቴን አየና ሳቀብኝ። «ላጤ ነኝ ብለህ ሞልተህ አሁን ሚስት ይዘህ ልትቀርብ? ሲሞላ ሚስት ከነበረህ ተቃጠልክ። ወይ ብቻህን ሂድ፣ ወይ ከሞላህ በኋላ ያገባሃት ትሁን» አለኝ። ብቻህን ሂድ ያለውን አሰብኩበት። ቀናት አሰብኩበት። ያስቀረኝ ፍቅር ነው ብል ደስ ባለኝ፣ ያስቀረኝ ግን የቦራ ባዶ ጋጣ ነው። አያ ፈንቴን ፈራሁ።

የፊተኛው ጋብቻችን ወረቀት አልነበረውም። ምስክሩ ሽማግሌና ፈረስ ነው። ስለዚህ ለመካድ ቀላል ነበር። ሌላ ሰርግ፣ ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ቀን፣ ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት፣ አለቀ። ለስመኝና ለአባቷ «ያ የዳንግላ ልጅ ተሳስቶ ላጤ ብሎ ሞልቶብኛል» አልኳቸው። አያ ፈንቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፣ ልጁ ግን ቤቱን ለቆ ሄዶ ነበር። ምንም ያላደረገ ልጅ ላይ ነው ዱላ ያስነሣሁት። ስመኝ ቀና ብላ አየችኝ።

«ተሳስቶ?» አለች።

«ተሳስቶ» አልኩ።

«እሺ» አለች።

አያ ፈንቴ ግን ሌላው ነገር አልገባቸው አለ። «ሰርጉ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጉዳይ አስጨራሹ ቶሎ በል ብሎኛል፣ «በዚሁ ሳምንት» አልኳቸው። «በግንቦት?» አሉ። «በግንቦት ሰው ያገባል? ግንቦት ያገባ ምን እንደሚሆን እናትህ አልነገረችህም?» እኔ ሞኙ «የፈረንጅ ጉዳይ ነው አባቴ፣ ፈረንጅ ግንቦትን አያውቅም» አልኳቸው። እሳቸውም «እኔ ልጄን በጥር ድሬያለሁ። የዳርኳትን መልሼ አልድርም። እናንተ ወረቀታችሁን ሥሩ» ብለው ቀሩ።

ዳንግላ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ተጋባን። ቬሎው ኪራይ ነው፣ ለእሷ ሰፍቶ ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ይዘውላታል። የሰርጌን ኮት ልለብስ ስል ጉዳይ አስጨራሹ «እሱን አውልቅ፣ ላጤ ብለህ የሞላህበት ፎቶ ላይ ያለው ኮት ነው» አለኝ። ስመኝ ቆማ ትሰማለች። የሰው ኮት አደረግኩ። ባዬ ሚዜ ሆኖ «ሁለቴ ሚዜ ያረገኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ፣ ያውም ለአንዲት ሴት» እያለ ይሥቃል። ፎቶ አንሺው እሷን ፈገግ ማስባል አቃተው። «ሙሽሪት፣ ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ? ትንሽ ፈገግ በይ እንጂ» ይላታል።

«አንዴ ፈግጌ ጨርሻለሁ» አለችው።

ሁላችንም ሣቅን። እኔም ሣቅኩ። ዛሬ ያ ሣቄ ይሰማኛል።

ለቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ስንወርድ ባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አስጠናኋት። እንደ ልጅ ነው ያስጠናኋት። ሰርግሽ መቼ ነው እላታለሁ። «የቱ?» ትለኛለች። «የዳንግላው» እላለሁ። «የቆሰበሩስ?» ትላለች። «የቆሰበር የሚባል ሰርግ የለም። አልነበረም። ገባሽ?» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ፊት ያለው ተሳፋሪ እስኪዞር ድረስ። «ገባኝ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ተደስቻለሁ። ግንቦት ሃያ ምናምኑን፣ የሆቴሉን ግቢ፣ የሚዜውን ስም ሁሉ አስሸመደድኳት። አንድ ነገር ግን አላወቅኩም፣ ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ እንደሚያስምሉ አልነገረኝም።

ኤምባሲው ውስጥ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሴትዮ ቀኝ እጃችንን አስነሣችን። አስተርጓሚው «እውነቱን ብቻ ልትናገሩ ትምላላችሁ» አለን። እኔ እጄን እንደ ተማሪ ሽቅብ ወረወርኩት። ስመኝ ቀስ ብላ አነሣች፣ እጇን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እሷ ባደገችበት መንደር መሐላ ቀልድ አይደለም። በሐሰት የማለ ሰው መዓቱ ከብቱ፣ ልጁ፣ ማሳው ላይ ነው የሚወርድበት፣ ዘሩ እስከ ስንት ትውልድ እየተቆጠረ ይወራበታል። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቃለሁ። አማቼ ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን እሷን ያስጠናኋት እንጂ ያሰብኳት መቼ ነው።

«ሰርግሽ መቼ ነበር?» ተባለች።

ቃሉን እንደ ልማዷ አሰበችበት። «በጥር ነው» አለች። «አባቴ ቦራን ጋልቦ የሸኘኝ ዕለት።»

አስተርጓሚው ወረቀቱ ላይ ያለውን ግንቦት አየ፣ እኔን አየኝ፣ ተረጎመ። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። የተሰጠን ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ።

አሁን ነው እንግዲህ ዋናው በደሌ የሚመጣው። እስካሁን የነገርኳችሁን ስንቱ ሰው አድርጎታል፣ ላጤ ብሎ የሞላ እኔ ብቻ አይደለሁም። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን ያደረገ ሰው አላውቅም።

ስንመለስ አላናገርኳትም። ቆሰበር ስንደርስ ግን ለሁሉም ተናገርኩ። አፌ እንደማይዘጋ ነግሬያችኋለሁ። ለእናቴ፣ ለባዬ፣ ለባጃጁ ሁሉ፣ ሻይ ቤት ለተቀመጠው ሁሉ። «ያስጠናኋትን ትታ የራሷን ቀባጠረች፣ ባላገር ምን ታውቅ» አልኩ። ላጤ ያልኩትን ዋጥኩት፣ ልጁ ተሳስቶ የሚለውን ውሸት ያዝኩ፣ የቀረውን በሙሉ እሷ ላይ ጫንኩት። ሰዉም ተቀበለኝ። ያን ጊዜ ከንፈር ተመጠጠልኝ፣ ደስ አለኝ። ገበያ ላይ እነዚያው ያስቋት የነበሩ ሴቶች «አሜሪካን በአፏ ያፈሰሰች» የሚል ስም አወጡላት። ድንቿን የሚገዛት ጠፋ። እናቴ «ምላሷን ምን ያዘው?» እያለች ፊቷ ላይ ትናገራለች። ስመኝ ዝም። አንድ ቀን እንኳ «እሱ ነው ላጤ ያለው» ብትል ወሬው ይገለበጥ ነበር። አላለችም። እኔ ደግሞ ዝምታዋን ሳይ ጥፋቷን አምናለች ብዬ ባሰብኝ። ትዳሩ ሊፈርስ ሲል ሽማግሌ ገባ።

እኔ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ትልቁ አያ ደምሴ ነበሩ፣ ሰርጌን የመረቁት ራሳቸው። አያ ፈንቴም መጥተዋል፣ ከዘንገና በእግራቸው። ቦራ የለማ። ጥግ ላይ ተቀምጠው መሬት ያያሉ።

«በል ልጄ፣ ምን በደለችህ?» አሉኝ አያ ደምሴ።

አወራሁ። አንደበቴ ያን ቀን እንደ ጠበቃ ሆነ። ቃሌን ጣሰች፣ ሕይወቴን አበላሸች፣ የአባቷን ፈረስ ሳይቀር በከንቱ አስሸጠች አልኩ። የፈረሱን ነገር እኔ አነሣሁት፣ እሳቸው እዛው ተቀምጠው።

«እውነት ነው ልጄ?» አሏት ስመኝን።

«ያልኩትስ ብያለሁ» አለች።

«ባልሽ እንዲህ በይ ብሎ አዞሽ ነበር?»

«አዎ፣ ብሎኛል።»

«ሌላ የምትይው የለሽም?»

እኔን አየችኝ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ፣ ዛሬ ነው የገባኝ እንጂ እየጠበቀችኝ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጫማዬን አየሁ። «የለኝም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። ፍርዱ የታወቀ ነው። ሚስት ባሏን እንዲህ ከጎዳች ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ፣ እሱም ለእግዚአብሔር ብሎ ይማር፣ ቤታቸው ይቁም። ለወጉ ነው እንጂ ድንጋዩ ትንሽ ይሆናል፣ ሴት ከሆነች ጡጫ የምታህል ይበቃታል። እሷ ተነሥታ ሄዳ ቀርከሃ የምፈልጥበትን ጥቁሩን ድንጋይ ነው ያነሣችው። «ኧረ ልጄ፣ ያን አይደለም፣ ትንሹን» ቢሏት አልሰማችም። ማጅራቷ ላይ አደረገችው። ጎንበስ ብላ እየተንገዳገደች መጣች፣ እግሬ ሥር ደርሳ ቆመች።

«ይቅር በለኝ» አለች።

ወጉ ቶሎ ብለህ አንሣላት ነው። እኔ ዝም አልኩ። ይሄን ነው ለማንም ያልተናገርኩት፣ ይሄን ነው የንስሐ አባቴ «ሌላስ?» ሲሉኝ የዋጥኩት። ዝም አልኩ። አንገቷ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ፣ ላቧ አፈሩ ላይ ሲንጠባጠብ እያየሁ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ። ያ ሁሉ የቆመና ያልገዛኝ መኪና፣ ያ ማትሪክ፣ ያ ነጭ ጫማ፣ ያ መስታወት፣ ሁሉም አንዴ ይቅርታ የጠየቀኝ መሰለኝ። ማን ነበረ ይቅርታ የሚጠይቀኝ? ማን ነበረ የበደለኝ? የቆመችው እኮ እሷ ብቻ ናት።

«በል እንጂ ልጄ፣ አንገት ነው» አሉ አያ ደምሴ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ድንጋዩን አነሣሁላት።

መረቁን። በሉ፣ ጠጡ፣ ሄዱ። አያ ፈንቴ አልበሉም፣ አጥሩ ጋ ቆመው ቀሩ። ስመኝ ቤት ገብታ ነጠላዋን ለብሳ፣ ልብሷን በዘንቢል ይዛ ወጣች። ያንኑ የሰርግ ኮት፣ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ፣ አምጥታ ከድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። «የት ነው?» አልኳት። «ይቅር ተባብለን የለ?»

«ያን ቀን» አለችኝ፣ ረጋ ብላ፣ «አንተ ላጤ ስትል ዝናቡ አባርቶ ነበር።»

ከአባቷ ጋር ወጡ። እሳቸው ቀደሙ፣ እሷ ተከተለች።

ሰምታለች። ከመጀመሪያው ሰምታለች። ገበያተኛ ናት ያልኩትን ዝናቡ ወስዶልኝ ይሆናል፣ ላጤ ያልኩትን ግን ሰምታለች። ሰምታ ነው «ያሳካው» ያለችኝ። ሰምታ ነው «ተሳስቶ?» ብላ የጠየቀችኝ፣ መንገድ ስትሰጠኝ። ሰምታ ነው ቬሎውን የለበሰችው፣ አሜሪካን አፈሰሰች የተባለችው፣ ድንጋዩን የተሸከመችው። ስንት በር ከፈተችልኝ? አንዱንም አልገባሁበትም። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ደደብ አልኳት።

አሁን ቀርከሃ ከገበያ ነው የምገዛው። የሚሸጡልኝ ለጋ ነው፣ ገና ሳልሸጠው ነቀዝ ይጀምረዋል። ድንጋዩ እዛው ነው፣ አልፈልጥበትም። ባለፈው ሰሞን ልቤን አጠንክሬ ተነሣሁ። ድንጋዩን ተሸክሜ ዘንገና ድረስ ልሄድ፣ ያን ሁሉ ፈረሰኛ ጠርቼ በእነሱ ፊት እውነቱን ልናገር። አስፋልት ስደርስ ከበደኝና ባጃጅ አስቁሜ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ «ይበሌ፣ ድንጋይ ለምንህ ነው?» አለኝ። «ለመሠረት ነው፣ አጥር ልሠራ» አልኩት። ወረድኩ። መልሼ ግቢዬ አምጥቼ ጣልኩት። ገና ሳልደርስ ዋሸሁ እኮ፣ ለባጃጅ ሾፌር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት ቀላል ነው፣ ምንም ላልበደለችኝ እኔ ራሴ ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። በቆሰበር ስታልፉ ያን ወሬ ከጀመሩላችሁ፣ ምስኪን ይበልጣል፣ ሚስቱ ያበላሸችበት ካሏችሁ፣ አስቁሟቸው። «ላጤ ነኝ ያለው እሱ ነው፣ ራሱ ጽፎታል» በሏቸው። እኔ በእግሬ ዘንገና እስክደርስ ስሟ ይቅደመኝ።